ውሃው በማን በኩል ይገባል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰሞኑን ስለ ውጭ ጦርነቶች ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ባዕድ አገር የገባ ጦር ገጠር ለገጠር ሲያሳድድ ከሚደክም ጥቂት ቦታ መሽጎ ቢይዝ ይሻለዋል ተብሏል። ጡረታ እስክወጣ በስንቅና ትጥቅ ክፍል የሠራሁ የደሴ ሰው ነኝ። ጸሐፊው የመድፉን ነገር አሳምረው ተንትነዋል፤ ስለ ውሃው ግን አንድ ቃል አላነሱም።

ተራራ ላይ ለሰፈረ ጦር ስንቅ ስናደርስ ከጥይት ይልቅ ውሃ ነበር የሚያስጨንቀን። መኪና ከማይዘልቅበት ወዲያ ጀሪካኑ በአህያ ነው የሚወጣው። አህያውም ምንጩም የገበሬው ነው። ሰዉ ከወደደን ማለዳ ጭኖ ይደርስልናል። የተቀየመን ዕለት አህያው ሁሉ ገበያ ሄዷል ይባላል፤ ያን ቀን ወታደሩ በኮዳ ክዳን እየለካ ይጠጣል።

ፈረንሳዮች በቬትናም፣ ዲየን ቢየን ፉ ላይ የወደቁት በዚሁ ነው። ሸለቆ ውስጥ መሽገው ሁሉንም ነገር በአውሮፕላን ሊያስገቡ አሰቡ። የቬትናሙ ጦር አዛዥ የጄኔራል ጂያፕ ሰዎች ደግሞ መድፉን በጉልበታቸው እየጎተቱ ዙሪያውን ተራራ ላይ አወጡት፤ ሩዙን ገበሬው በትከሻና በብስክሌት አቀበለ። ውጊያው እ.ኤ.አ. በማርች 1954 አጋማሽ ተጀምሮ ወሩ ሳያልቅ አውሮፕላን ማረፍ አልቻለም። ከዚያ በኋላ ስንቁ በጃንጥላ ሲወረወር ከፊሉ ጠላት እጅ ገባ። በሜይ 7 ምሽጉ ወደቀ።

አሜሪካ በተራዋ ቬትናም ውስጥ ስትዋጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካዊው ጄኔራል ጄምስ ጋቪን፣ ጦራችን እንደ ዳናንግና ካም ራን ያሉትን የባሕር ዳር ቦታዎች ይያዝ፣ የሰሜን ቬትናም የአየር ድብደባ ይቁም፣ መፍትሔም በድርድር ይፈለግ ብለው ነበር። ከሐሳባቸው የምቀበለው ባሕሩንና ድርድሩን ነው። መርከብ የሚገባበት ይዞታ ይሰነብታል፤ እ.ኤ.አ. በ1941 የሊቢያዋ ቶብሩክ ተከብባ ወራት የቆየችው ወደብ ስለነበራት ነው። ድርድር ከሌለ ግን መሰንበቱ ለምን ይጠቅማል? ከአጥሩ ውጭ የቀረው ሕዝብስ ማን እጅ ይወድቃል? ጽሑፋችሁ ይህን አለመጠየቁ ከልብ አሳዝኖኛል።

እኛ ወሎዬዎች መቅደላን እናውቃለን። ገደሉን አይቶ ይህ አምባ ይደፈራል የሚል የለም። እ.ኤ.አ. በ1868 ግን ዐፄ ቴዎድሮስ ከአምባው ውጭ ያለው አገር ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ከቀይ ባሕር ዳር፣ ከዙላ ተነሥቶ ያን ሁሉ መንገድ ሲመጣ እህሉንና ገለባውን ከባላገሩ በማርያ ቴሬዛ ብር እየገዛ ነው የደረሰው። በወሎ በኩል ደግሞ መውጫውን የአካባቢው ገዥ የወይዘሮ መስተዋት ሰዎች ይጠብቁ ነበር።

ጸሐፊው ጉዳዩን የሚቀጥሉበት ከሆነ፣ በምሽጎቹ ዙሪያ ስለሚኖረው ገበሬና ስለ ገበያው እንዲጽፉልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የስንቅና ትጥቅ ባልደረባ፣ ከደሴ