የአባትህ ቮልስ ሞተሯ ወርዷል

ይድረስ ለወንድሜ፣

ጠፋህ እንዳትለኝ፣ የጠፋሁት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስልክህ ሲጠራ እያየሁ ዝም ያልኩት ተቀይሜህ አይደለም። አፍሬ ነው። ዛሬ ግን ዓይኔን በጨው ታጥቤ ልንገርህ፦ የአባትህን ቮልስ ሞተር ገደልኩት።

መጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ ቁጭ ብለህ አንብበው፣ መጨረሻ ላይ የምለምንህ ነገር አለ።

ቁልፉን ስትሰጠኝ «በሳምንት አንዴ አስነሳት» ነበር ያልከኝ። እኔ ግን ማስነሳት ብቻ መች በቃኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ እወጣባት ጀመር። ዳገት ላይ እንዴት እንደምታለቅስ ታውቃለህ። አንድ ቀን ሽሮ ሜዳን አልፌ ስወጣ የዘይት መብራቷ ብልጭ ብልጭ አለ። ነዳጅ ስሰጣት ይጠፋል፣ እግሬን ሳነሳ ይበራል። የላላ ሽቦ ነው ብዬ አለፍኩት (አዎ፣ እኔው ነኝ፣ ለሰው መኪና ምክር የምሰጠው)። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከኋላ እንደ ሙቀጫ ማንኳኳት ጀመረች።

ጋራዥ ወሰድኳት። የማን ጋራዥ እንደሆነ ይቅር። ልጁ አንድ ጆሮው ላይ ስልክ ይዞ በሌላው ሞተሩን አዳመጠና «ፒስተንና ካሚቻ ነው፣ ቮልስ እኮ ቀላል ናት፣ አራት ብሎን ናት» አለኝ (ካሚቻ ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ ነው)። አራት ብሎኑስ እውነት ነው፣ ሞተሩ ከገላዋ ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው። በሦስተኛው ቀን «ታድሷል» ብሎ አስረከበኝ። ጭሱ ጠፍቷል፣ ድምፁ አምሯል፣ ከክፍያው በላይ ጉርሻ ጨመርኩለት። አራት ወር አልቆየችም። ደብረ ዘይት ስሄድ ዱከም ሳልደርስ ግው አለችና ቀጥ። ቢየላው፣ ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ብሎኩን፣ የሞተሩን ዋና ገላ፣ ሊበሳው ምንም አልቀረው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ስልክህን ማንሳት ያቃተኝ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይላሉ እናቴ፣ በየመሀሉ እያነሱ ጨረሱኝ።

ባለፈው ክረምት አንድ ሽማግሌ መካኒክ አገኘሁ፣ ዕድሜ ልካቸውን ቮልስ ብቻ የሠሩ። ዕቃ ግዛ አላሉኝም። ሞተሩን በታተኑና ብሎኩን እንደ ባቄላ ለሁለት ከፍለው በቤንዚን አጠቡት፣ ጋዜጣ ላይ ዘረጉት። መነጽራቸው በክር የታሰረ ነው። ማይክሮሜትራቸውን ከካልሲ ውስጥ አወጡ፣ ካልሲ ነው የምልህ፣ ንጹሕ ነጭ ካልሲ። የክራንክ ሻፍቱን፣ የሞተሩን ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ፣ እያንዳንዱን አንገት አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እየለኩ ቁጥሩን ጋዜጣው ጠርዝ ላይ ጻፉት። ግማሽ ቀን ሙሉ መለካት ብቻ። እኔ ሻይ እያመላለስኩ።

ያገኙት ይኸውልህ። ክራንክ ሻፍቱ በሁለቱ የብሎክ ግማሾች መካከል ነው የሚተኛው። የቮልስ ብሎክ ደግሞ ማግኒዥየም ያለበት ቀላል ብረት ነው፣ ከዓመታት ሙቀትና ንቅናቄ በኋላ የብሮንዚኑ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቀለበት) መቀመጫ ክብነቱን ያጣል። ያኔ ብሮንዚኑ ቦታው ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ዘይቱ በዚያ ያመልጣል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ያ መብራት ሲነግረኝ የነበረው ይህንን ነው። ልጁ ፒስተንና ካሚቻ ሲቀይር ጉልበት ጨመረላት፣ መቀመጫው ግን ያው የተበላው ነው። «ድዱ ሳይታይ ጥርስ ተከሉብህ» አሉኝ ሽማግሌው። የሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቭም ተቃጥሏል። የዘይት ማቀዝቀዣው የዚያን ሲሊንደር ንፋስ ስለሚጋርድ ሁሌም እሱ ነው የሚግለው። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ አቀማመጡን ቀይሮታል፣ የእኛዋ ግን ከዚያ በፊት የተሠራች ናት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ለእጃቸው ብቻ 60 ሺህ ብር አሉኝ። ሻዩ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። የመጀመሪያው ጋራዥ ሲሶውን እንኳ አልጠየቀም ነበር። ግን ወንድሜ፣ እዚያ ጋዜጣ አጠገብ ግማሽ ቀን ተቀምጬ ሳያቸው ቆይቼ ይወደዳል ማለት አልቻልኩም። ብሎኩ መቀመጫው በልኩ እንደገና ይቦረቦራል፣ ክራንክ ሻፍቱ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይሞረዳል። ሲገጠም ደግሞ ወደፊትና ወደኋላ የሚላወስበት ክፍተት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፣ ይህንንም በሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች ነው የሚያስተካክሉት። አንዱን አውጥተው ሌላውን ከተው፣ ለክተው፣ እንደገና አውጥተው። በስልክ እያወራ ይህንን የሚሠራ የለም።

የገደለኝ ዕቃው ነው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው፣ ሄጄ የጠየቅኩትን ዋጋ ይዤ በሳምንቱ ስመለስ ሌላ ዋጋ ነው የጠበቀኝ። ለቶዮታ ቢሆን ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ሞተር ገዝተህ ትገላገላለህ። ለቮልስ ግን ያገለገለ ሲሉህ እንደ እኛው የተበላ ነው። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ፑዌብላ ካለው ፋብሪካ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ከወጣች እኮ ስንት ዓመት ሆነ። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ፣ ዛሬ አንድ ደህና ብሎክ ፍለጋ እንዲህ እንንከራተት?

ፈላጊው ደግሞ ጉድ ነው። ሽማግሌው ጋ ከእኛ በፊት ሰባት ሞተር ወረፋ ይዟል። ባለቤቶቹን የአባትህ እኩዮች መስለውኝ ነበር። ምን የአባትህ እኩያ! ሃያ አምስት፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆናቸው ልጆች ናቸው፣ ቸርኪዋን አስቀብተው፣ ወንበሯን በቆዳ አሰርተው እሑድ እሑድ ተሰልፈው የሚወጡ። አሮጌ መኪና ማስገባት በ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ተወደደ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ቮልስ ያለው ብቻ ነው፣ ሌላ አይመጣም። አንዱ ጎረምሳ በራችን ድረስ መጥቶ ጃንሆይን መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ መሆኗን ሊያስተምረኝ ሞከረ፣ ከዚያ «ሞተር ባይኖራትም እገዛለሁ» አለኝ። ሌላው የሞተውን ብሎክ ብቻውን ጠየቀኝ። የሰጠኝን ዋጋ ብነግርህ ትስቃለህ። በኋላ ነው የገባኝ፣ ብሎክ መቀመጫው የሚቦረቦረው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፣ ከዚያ በላይ ሥጋ የለውም። የእኛው ገና አንዴም አልተነካም። ለዚህ ነው የሚፈልጉት። አልሸጥኩም፣ አትደንግጥ።

እዚያ አሜሪካ ተሠርቶ የተዘጋጀ የታደሰ ሞተር ልግዛና ልላክ እንዳትለኝ፣ አስቤበታለሁ። ጥቂት ሺህ ዶላር ነው፣ እሺ። ግን ሻጩ አሮጌውን ሞተር መልስልኝ ብሎ መያዣ ይይዛል፣ ከቨርጂኒያ አዲስ አበባ አሮጌ ሞተር ማን ይመልሳል? መያዣውን በላው በለው። ሞተሩ ወደ 110 ኪሎ ይመዝናል፣ የማጓጓዣውና የቀረጡ ሲደመር አባትህ መኪናዋን ከገዙበት ይበልጣል። ደግሞ የአባትህ ሞተር ቁጥር ያለበት ብሎክ ይሄ ነው። ሽማግሌው ይድናል ካሉ ይድናል።

የምለምንህ ነገር ይኸውልህ። እህትህ ለገና ትመጣለህ አለችኝ። ሻንጣህ ውስጥ የ1300 ሞተር ዋና ብሮንዚን አንድ ሙሉ ካርቶን ክተትልኝ፣ ከውጭ 0.50 ሚሊ ሜትር የሰፋ፣ ከውስጥ 0.25 የጠበበ። የቢየላው ደግሞ 0.25። እዚህ አንዱ ልክ ሲገኝ ሌላው የለም፣ ሁለት ወር ፈልጌ ደክሞኛል። ጀርመን የተሠራ ካገኘህ ሽማግሌው ይመርቁሃል። አንድ ጥንድ ጫማ ቢያህል ነው። የዕቃውንም የእጁንም ሂሳብ እኔ ነኝ የምከፍለው፣ በዚህ አትከራከረኝ።

ብሎኩ አሁን ጠረጴዛቸው ላይ በነጭ አቡጀዲ ተሸፍኖ ተኝቷል። ፎቶ ላነሳልህ ነበር፣ አስከሬን መስሎ ታየኝና ተውኩት።

ተቆጥተህ ስትጨርስ ደውል። አነሳለሁ።

ወንድምህ