ክቡር ዲን፣ ሱሉልታ ሁለት ናት

ይድረስ ልጄ ለምትማርበት ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች አገልግሎት ዲን

ሰላምታዬን በሦስቱ ማመልከቻዎቼ ላይ አስፍሬዋለሁ። መዝገብ ቤት ገብተው ስለቀሩ እዚያው ይፈልጉት።

ልጄ መደበኛ የቀን ተማሪ ናት። መኝታና ምግብ የተከለከለችው «አዲስ አበባና ዙሪያዋ የሚኖሩ ከቤታቸው ይመላለሱ» ተብሎ ነው። ቤቱ ጉለሌ የሆነ ልጅ ከሩቅ ከመጣ ልጅ ጋር አልጋ ባይሻማ እኔም ደስ ይለኛል። የእኛ ጥፋት መታወቂያችን ላይ «ሱሉልታ» የሚል ቃል መኖሩ ነው። ቢሮዎ ቃሉን ሲያይ ከእንጦጦ ጀርባ ያለችው፣ በ2015 ዓ.ም. ወደ ሸገር ከተማ የተጠቃለለችው ሱሉልታ ታየችው። እኛ የምንኖረው በሱሉልታ ወረዳ ነው። የወረዳው መቀመጫ ጫንጮ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የእኛ ቤት ደግሞ ከጫንጮ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ አለው። ይህን የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ ከነማኅተሙ ባመጣ፣ ጸሐፊዎ ቀና ሳትል «ኮምፒውተሩ ሱሉልታ ነው የሚለው» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ፤ በኮምፒውተር የተረታሁት ያን ቀን ነው።

ባለፈው ጥር ልጄ ከቤተ ሙከራ የወጣችው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። አዲሱ ገበያ ስትደርስ ወደ ጫንጮ የሚሄድ መኪና የለም። ተመልሳ በጓደኛዋ አልጋ ግርጌ ተኛች። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ፕሮክተሯ ቀስቅሳ «አንቺ እዚህ አልተመደብሽም» ብላ አስወጣቻት። እስኪነጋ የተቀመጠችው በር ላይ፣ ጥበቃዎቹ ቤት ነው። አንዱ ጥበቃ ጋቢውን አውልቆ አለበሳት። እስከ ዛሬ ልጄ ከግቢዎ ያገኘችው የመኝታ አገልግሎት ያ ጋቢ ብቻ ነው። (አጥበን መልሰንለታል፤ በንብረት ጉድለት እንዳንጠየቅ።)

ደግሞስ ምጽዋት መች ጠየቅን? የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 154/2000ን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ተማሪው የበላበትንና የተኛበትን ሙሉ ወጪ ተመርቆ ከደመወዙ የሚከፍለው ነው። ልጄ ያለችው «ልበደርና ልማር» ነው። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ማደጉን በዜና ስንሰማ ቤታችን እልል ተብሎ ነበር። እናቷ ግን ዛሬም ቆሎ እየቆላች ቦርሳዋ ውስጥ ትከትላታለች።

አራተኛ ማመልከቻ አልጽፍም። አንድ ቀን ከቢሮዎ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይውጡና ከአዲሱ ገበያ ይሳፈሩ፤ መኪና ካገኙ ማለቴ ነው። ጫንጮ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። የቀረውን በእግር አብረን እንሄዳለን፤ ባትሪ እኔ እይዛለሁ።

የተማሪዋ አባት