አስመዝጋቢዋ አንቺ ነበርሽ

እማዬ፣

ሰላም ነሽ ወይ? ጉልበትሽስ? ስደውል ሁሌም «ደህና ነኝ» ትይና ወሬ ትቀይሪያለሽ። ለዚህ ነው ዛሬ በደብዳቤ የመጣሁት። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ የምጠይቅሽ ነገር አለ።

የአያቴን ነገር አሁንም አልተውኩትም። «አባቴ እንደሆኑ አንዴ አርፈዋል፣ ከወረቀት ምን ትጠብቃለህ?» ብለሽኝ ነበር። መልስ የለኝም። ብቻ አያቴ ከየት እንደመጡ ሳላውቅ ሃምሳ ልደፍን ነው፣ ይቆጨኛል።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ሁለት ወር ሙሉ የሰው አያት ሳሳድድ ከረምኩ። አንድ የቆየ መዝገብ ውስጥ ስማቸውም የአባታቸውም ስም ከአያቴ ጋር አንድ የሆነ ሰው አገኘሁ። ዕድሜያቸውም ይቀራረባል። በደስታ ለወንድሜ ደወልኩለት፣ ለእህቴም ፎቶውን ላክሁላት። በኋላ ገጹን ዝቅ ብዬ ሳነብ፣ ሰውየው ያረፉት አንቺ ከመወለድሽ አራት ዓመት ቀድመው ነው! ወንድሜ «አያታችን ተአምረኛ ነበሩ» እያለ እስካሁን ይስቅብኛል።

ጥፋቴ መዝለሌ ነው። በዚህ ሥራ ከራስ ተነስቶ አንድ አንድ እርከን ወደ ኋላ መሄድ ነው የሚያዋጣው። የኔ የልደት ወረቀት የአንቺን ስም ይሰጠኛል፣ የጋብቻ ወረቀትሽ የአባትሽን፣ የአባትሽ የሞት ወረቀት ደግሞ የሳቸውን ወላጆች። እኔ ግን ብድግ ብዬ አያቴ ላይ ዘልዬ ወደቅሁ፣ ያውም በሌላ ሰው አያት ላይ።

አንቺ «እኛ ቤት ወረቀት መያዝ አናውቅበትም» ትያለሽ። መንግሥታትም አያውቁበትም እኮ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1890 ያካሄደችው የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ አብዛኛው በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሣ እሳትና እሳቱን ለማጥፋት በፈሰሰው ውሃ ተበላሸ። የተረፈውንም በኋላ ራሳቸው አስወገዱት። የእንግሊዝና የዌልስ የ1931 ቆጠራ በ1942 ተቃጠለ። ደብሊን የነበረው የአየርላንድ ቤተ መዛግብት ደግሞ በ1922፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ የብዙ መቶ ዓመት ወረቀት ይዞ ወደመ። ያንቺ ሣጥን ይኸው እስከዛሬ አለ። በአይጥ ከመበላቱ በቀር።

ሌላው የስማቸው ነገር ነው። በሦስት ወረቀት ላይ በሦስት ዓይነት ተጽፏል። እኛ ቤት «ጸሐፊው ነው ያበላሸው» ሲባል ነው ያደግነው። ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ኤሊስ የምትባል ደሴት አለች። ከ1892 እስከ 1954 ከ12 ሚሊዮን በላይ ስደተኛ አልፎባታል። ብዙ አሜሪካዊም «የአያቴን ስም እዚያ ያለ ሹም ቀየረው» ይላል፣ ልክ እንደኛ። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የተሳፋሪው ስም ዝርዝር የሚዘጋጀው መርከቡ ከተነሣበት ወደብ፣ በመርከብ ድርጅቱ ሰዎች ነው። የደሴቲቱ መርማሪ ያንኑ ዝርዝር ይዞ ነው የሚጠይቀው። ስሙን በኋላ የሚቀይሩት ብዙ ጊዜ ራሳቸው ባለቤቶቹ ናቸው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ጸሐፊውን መርገም ተውኩ። ማን ያውቃል፣ አያቴም በአንድ ምክንያት ራሳቸው ቀይረውት ይሆናል።

ዕድሜያቸውም እንደዚያው ነው። አንዱ ወረቀት 60 ይላል፣ በዓመቱ የተጻፈው ሌላው 65። ይህም ያለ ነው። እንግሊዞች በ1841 ሲቆጥሩ ከ15 ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ዕድሜ በአምስት በአምስት ወደ ታች እያጠጋጉ እንዲጽፉ መመሪያ ነበራቸው። 34 ዓመት የሆነው ሰው 30 ተብሎ ይጻፋል። የትውልድ ቦታውንም በስም አይጠይቁትም፤ እዚሁ አውራጃ መወለድ አለመወለዱን፣ ካልሆነም ስኮትላንድ፣ አየርላንድ ወይም ውጭ አገር መወለዱን ብቻ ነው የሚመዘግቡት። የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ዛሬ ምን እያለ እንደሚበሳጭ ይታየኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የአያቴን የሞት መዝገብ ቅጂ አገኘሁት።

ዳር ዳሩ በፎቶ ኮፒ ጠቁሯል። ማህተሙ ጽሑፉ ላይ ስላረፈ ቀኑን ለማንበብ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ማጉላት ነበረብኝ። «የትውልድ ቦታ» በሚለው ፊት ለፊት የተጻፈው እናንተ የኖራችሁበት ከተማ ነው። በቃ አለቀ አልኩ። ከሌላ ቦታ ነው የመጡት ስትሉ የኖራችሁት ተረት ነው ብዬ ደመደምኩ። ማህተም አለው ነዋ!

ከዚያ ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። አስመዝጋቢ፦ ልጅ። ከሥሩ ያንቺ ፊርማ።

አሁን የምትፈርሚው ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያዋ ፊደል ትልቅና ቀጥ ያለች ናት። ከእሷ በኋላ መስመሩ ይንቀጠቀጥና ቁልቁል ይሄዳል፣ ብዕሩም አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ቀለም ጠብታ ጥሏል። ቀኑን አሰላሁት። 22 ዓመትሽ ነበር። አባትሽ ካረፉ ሦስተኛው ቀን ነው። ወረቀቱን አስቀምጬ ትንሽ ወጣ ብዬ ተመለስኩ።

እንግዲህ ማስረጃ ብዬ የያዝኩት ያንቺኑ ቃል ነው ማለት ነው። ያረፉበትን ቀን በዓይንሽ አይተሻል፣ እሱን አምናለሁ። ሲወለዱ ግን አልነበርሽም፤ የሰማሽውን ነው ያስጻፍሽው። አንድ ወረቀት፣ አንድ ማህተም፣ ግን የአንዱ መስመር እምነት ከሌላው ይለያል። ይህን ሁለት ወር ሙሉ አላሰብኩትም ነበር።

ልወቅስሽ እንዳይመስልሽ። ጸሐፊው «የት ነው?» ሲልሽ የሚኖሩበትን የጠየቀሽ መስሎሽ ይሆናል። ወይ እሱ ራሱ ሳይጠይቅ ሞልቶት ይሆናል። ወይ ደግሞ አያቴ እንዲያ በይ ብለውሽ ይሆናል። ሦስቱም ለእኔ አንድ አይደሉም፣ ለዚህ ነው የምጠይቅሽ።

እህቴ የዘረ መል ምርመራ እናድርግ እያለች ነው። እኔ ከአያቴ የወረስኩት በአማካይ ሩብ ያህል ነው፣ ሊበዛም ሊያንስም ይችላል። አንቺ ግን ግማሽሽ ከሳቸው ነው። ስለዚህ ቱቦው ውስጥ ምራቅ መትፋት ያለባት አንቺ ነሽ ማለት ነው። እየሳቅሽ እንደሆነ ይገባኛል። ካልፈለግሽ ይቅር፣ እኔም ብዙ አልጓጓሁለትም። ምርመራው የተመረመረ ዘመድ ካለ ያገናኘን ይሆናል እንጂ የመንደር ስም አይናገርም።

ቅዳሜ ጠዋት እደውልልሻለሁ። ቅር ካላለሽ ድምፅሽን እቀዳዋለሁ። «ከየት መጡ?» ብዬ አልጠይቅሽም፤ እሱን መቶ ጊዜ ጠይቄሽ መቶ ጊዜ «ከዚያ ማዶ ነው» ብለሽኛል። ይልቅ ስለዚያች ቀን ንገሪኝ። ለማስመዝገብ ስትሄጂ አብሮሽ የሄደው ማን ነበር? ለቀብሩ ከሩቅ የመጡት እነማን ናቸው? ስንት ቀን መንገድ ላይ ነበርን አሉ? ከመካከላቸው «ወንድሜ» ብሎ ያለቀሰ ነበር? እነዚያ ሰዎች የመጡበትን ካወቅሁ የአያቴንም አገኘዋለሁ ብዬ አስባለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። «የእናት ስም» በሚለው ፊት ለፊት ስም የለም። አጭር ጭረት ብቻ ተሰምሯል። ቀለሙ ከፊርማሽ ቀለም ጋር አንድ ነው፣ ጸሐፊው ከጻፈበት ግን ይለያል። አንቺ ነሽ ያሰመርሽው?

ልጅሽ