ብቅሉ ተቆልቶ ነበር

ይድረስ፦ ለባልትና መደብሩ የደንበኞች አገልግሎት
ጉዳዩ፦ "ሙሉ የጠላ ጥቅል" ብላችሁ ስለሸጣችሁልኝ ዕቃ

ጤና ይስጥልኝ።

ከእናንተ መግዛት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በርበሬያችሁን እወደዋለሁ። ሽሯችሁም ቢሆን እዚህ አካባቢ ካለው ሁሉ ይሻላል። ባይሆንማ ኖሮ ደብዳቤ ለመጻፍ አልደክምም ነበር፤ ዝም ብዬ ሌላ ቤት እሄድ ነበር።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የጠላ ጥቅሉን አዘዝኩ። አምስት ፓውንድ ብቅል፣ ሁለት ፓውንድ የጌሾ ቅጠል፣ ሦስት ፓውንድ አሻሮ፣ አምስት ጋሎን የሚይዝ የፕላስቲክ ባልዲ ከነክዳኑ፣ በዚያ ላይ ባለ አንድ ገጽ የአጠማመቅ መመሪያ። ከነማጓጓዣው 94 ዶላር ከፈልኩ። ኅዳር 12 የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኔ ነበር። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በየቤቱ የሚዞር የ14 ሰው ማኅበር ነው። ሁልጊዜ ቢራ በካርቶን ተገዝቶ ይቀርባል። እኔ ግን "ዘንድሮ ጠላ አቀምሳችኋለሁ" ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ማን ተናገር አለኝ?

መመሪያችሁን ቃል በቃል ተከተልኩ። ጌሾውን ከጥቂት ብቅል ጋር ጠነሰስኩ። ሦስት ቀን ጠበቅሁ። ቂጣ ጋግሬ፣ ቆራርሼ ጨመርኩ። አሻሮና ተጨማሪ ብቅል ከትቼ ደፈደፍኩ። የጤና ድፍድፍ ሲፈላ ይሰማል፤ ጆሮ ሲያስጠጉት ጭስ ጭስ ይላል። ልጅ ሆኜ የእናቴ ጋን ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ስሰማ ነው ያደግሁት። የእናንተው ግን ጭጭ። በአሥረኛው ቀን ብቀምሰው ጌሾ የገባበት የገብስ ሾርባ ሆኗል። መጎምዘዙን ጎምዝዟል። ሞቅ የሚያደርግ ነገር ግን የለውም።

ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች፣ ይህን አልክድም። መልሷ ግን "የአሜሪካ ውሃ ክሎሪን ስላለው ነው" የሚል ነበር። ክሎሪን እርሾ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ለዚህም ነው ውሃውን አፍልቼ ያሳደርኩት። ይህን ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና "እንግዲህ እጅዎ ይሆናላ" አለችኝ። እጄ! 94 ዶላር ከፍዬ እጄ ተሰደበ።

ደብረ ማርቆስ ላለችው እናቴ ደወልኩ። የመጀመሪያ ጥያቄዋ "ብቅሉን አሽትተኸዋል?" የሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር አላሸተትኩትም። የተረፈውን ከፍቼ አሸተትኩ።

"ምን ምን ይላል?"

"ቆሎ ቆሎ ይላል" አልኳት። ቀለሙም ቡና መስሏል።

"በል ተወው ልጄ። የሚቆላው አሻሮው ነው። ብቅል አይቆላም፤ ፀሐይ ነው የሚያደርቀው።"

ምክንያቱን እናንተም ብታውቁት መልካም ነው። ገብስ ሲበቅል ውስጡ ኢንዛይም ይፈጠራል። ኢንዛይሙ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል። እርሾ ስኳሩን በልቶ አልኮልና ጋዝ ያወጣል። ብቅሉ እስኪጠቁር ከተቆላ ግን ኢንዛይሙ ይሞታል። ስኳር ከሌለ እርሾው ምን ይብላ? እናንተ የላካችሁልኝ ሁለት ዓይነት አሻሮ ነው፤ አንዱ "ብቅል" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል እንጂ።

የእናቴን አፍንጫ ማመን ካቃታችሁ ሌላም ማስረጃ አለኝ። እዚህ በየቤታቸው ቢራ ለሚጠምቁ ሰዎች ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሄድኩ። ብቅሉ በየዓይነቱ ተደርድሯል። እያንዳንዱ ምን ያህል እንደተቆላ በቁጥር ተጽፎበታል። ገርጣ ያለው ስኳሩን የሚያወጣው ነው፤ ጥቁሩ ለቀለምና ለጣዕም ጥቂት ብቻ ይገባል። ሻጩ ጌሾ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። "ሆፕስ ለእናንተ ቢራ የሚሠራውን ለእኛ ጠላ የሚሠራ ቅጠል ነው፤ ያመርራል፣ እንዳይበላሽም ይረዳል" አልኩት። ከያዝኩት ላይ ቆንጥሮ አሸተተና አስነጠሰው።

ገርጣውን ብቅል ገዝቼ ቤት ገባሁ። በሁለት ማሰሮ የበሰለ የገብስ ገንፎ አቀጠንኩ። አንዱ ላይ የእናንተን ብቅል፣ ሌላው ላይ የሱቁን ጨምሬ፣ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አንድ ሰዓት አቆየሁ። ከዚያ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ነጭ ሳህን ላይ አፍስሼ አዮዲን ጠብ አደረግሁ። አዮዲን ስታርች ሲያገኝ ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል። የሱቁ ብቅል ያለበት ቀለሙን ሳይለውጥ ቀረ፤ ስታርቹ አልቆ ነበር። ስቀምሰውም ጣፈጠኝ። የእናንተው ቀለም የተደፋበት መሰለ። ፎቶውን አያይዣለሁ።

ጌሾውን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ጥቅሉ ላይ "የጌሾ ቅጠል" ይላል። ስፈታው ግማሹ እንጨት ነው። ለጠጅ ፈልጌው ቢሆን ባልከፋኝ።

አሁን ወደ መመሪያችሁ። በሱቁ ብቅል እንደገና ጠነሰስኩ። እሰይ፣ ፈላ! መመሪያችሁ "ክዳኑን አየር እንዳያስገባ አጥብቀው ይዝጉ" ስለሚል አጥብቄ ዘጋሁ። በሦስተኛው ሌሊት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ኩሽና ውስጥ ጥይት የተተኮሰ መሰለኝ። ባለቤቴ ከአልጋ ወርዳ ወለሉ ላይ ተኛች። ክዳኑ ጣሪያ መትቶ ምድጃው ላይ አርፏል። ድፍድፉ ግድግዳው ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ የልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳ ላይ። ከታች ያለው ጎረቤት በሩን አንኳኳ። ለፈረንጅ "ጠላ ነው" ብሎ ማስረዳት በሌሊት ቀላል አይደለም።

አገር ቤት ጋን አፉ ይመረጋል፣ እውነት ነው። ጋን ግን ሸክላ ነው፤ ጭቃውም ጋዙ ሲበዛበት ይሰነጠቃል። ጎማ ያለው የፕላስቲክ ክዳን ግን መተንፈሻ የለውም። የዕቃ ሱቁ ውሃ የሚሞላበት ትንሽ የጋዝ መተንፈሻ በጥቂት ዶላር ይሸጣል። ክዳኑን በስታችሁ እሱን ብትጨምሩበት ይህ ሁሉ ባልመጣ።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ እኔን ባይነካኝም ሌላ ሰው ሊጎዳ ይችላል። መመሪያው መጨረሻ ላይ "ለቤትዎም ለሽያጭም ይሆናል" ይላል። አይሆንም! እ.ኤ.አ. በ1978 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የፈረሙት ሕግ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው ለራሱና ለቤተሰቡ ቢራ ያለ ቀረጥ እንዲጠምቅ ይፈቅዳል። በዓመት አንድ አዋቂ ብቻ ላለበት ቤት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ላሉበት 200 ጋሎን። መሸጥ ግን ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። የእናንተን ወረቀት አምኖ ለሠርግ ጠላ የሚሸጥ ሰው ቢከሰስ፣ እናንተ ትቆሙለታላችሁ?

የምጠይቃችሁ ይህ ነው። የብቅሉን፣ የጌሾውንና የማጓጓዣውን ገንዘብ መልሱልኝ። አሻሮው ጥሩ ነበር፤ የእሱን አልፈልግም። ብቅሉን ከየት እንደምታመጡ አጣሩ፤ ጥቅሉም ላይ መቼ እንደተፈጨ ጻፉበት። መመሪያው ሳይታረም ለሌላ ሰው እንዳትልኩ። ስልክ ለምታነሳው ልጅም ስለ ሰው እጅ ከመፍረዷ በፊት ስለ ብቅሉ እንድትጠይቅ ንገሯት።

ከባልዲው የተረፈው ተጣርቶ ለማኅበሩ ቀርቧል። ለሰው አንድ አንድ ብርጭቆ ደረሰ፤ ከዚያ እንደ ልማዳችን ቢራ በካርቶን ተከፈተ። የጠጡት ግን ወደውታል። ሁለት ሰዎች ዕቃውን ከየት እንደገዛሁ ጠይቀውኛል። መልሳችሁን እስካይ ድረስ ምንም አልነገርኳቸውም።

ደረሰኙንና ፎቶዎቹን አያይዣለሁ። ጣሪያውን ያጠብኩት ራሴ ስለሆንኩ ለእሱ አላስከፍላችሁም።

ከሰላምታ ጋር
የሜሪላንድ ደንበኛችሁ