ቤቱን ለዶክትሬት ብለው እንዳያስይዙ

የካቲት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

የደሴውን ቤት ባንክ አስይዘው ለታናሿ እህቴ የአሜሪካ ዶክትሬት ትምህርት ሊበደሩ ማሰብዎን ከነገሩኝ ወዲህ ነገሩን በጽሑፍ ዘርዝሬ ልላክልዎ ብዬ ነው። በስልክ ቁጥር ይጠፋል፤ በወረቀት ሲሆን ከእሷ ጋር ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ። መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎት፦ አይበደሩ።

አሜሪካ ውስጥ በኬሚስትሪም ሆነ በሌላው ሳይንስ ዶክትሬት የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከኪሱ አይከፍልም፤ እንዲያውም ይከፈለዋል። ዩኒቨርሲቲው የትምህርቱን ክፍያ ይተውለታል፤ ተማሪው በፈንታው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ድረስ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ላብራቶሪ ያስተምራል፣ ፈተና ያርማል፣ ወይም በአማካሪው ምርምር ላይ ይሠራል። ለዚህም በየወሩ አበል ያገኛል። አሲስታንትሺፕ የሚሉት ይህን ነው። ለእሷ ከሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ከመጡት ደብዳቤዎች አንዱ ይህ አለበት። ስሙ የገነነው ሌላው ግን መቀበሉን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ስለ ገንዘብ አንድም ቃል የለውም። እርስዎ ሊበደሩ ያሰቡት ለዚህ ለሁለተኛው ነው፤ እኔን ያስጨነቀኝም እሱ ነው።

ዶክትሬት አምስት ስድስት ዓመት ይወስዳል። የቤቱ ብድር ቢበዛ የመጀመሪያውን ዓመት ይሸፍን ይሆናል። ከዚያ በኋላ የተማሪ ቪዛ ያላት ልጅ ከግቢ ውጭ እየሠራች ልትከፍል አትችልም፤ በመጀመሪያው የትምህርት ዓመት ክልክል ነው፣ በኋላም ያለ ፈቃድ አይሆንም። ያልታሰበ ከባድ ችግር ለደረሰበት ተማሪ የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ አለ፤ ነገር ግን ገንዘቡ እንደሚያልቅ አስቀድሞ እያወቀ ለገባ ሰው የተሠራ አይደለም። ተደብቃ ብትሠራ ቪዛዋን ታጣለች፤ ትምህርቱም መኖሪያውም አብሮ ይሄዳል። በዚያ ላይ ብድሩ በብር ነው፣ ክፍያው በዶላር። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ምን ያህል እንደወረደ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ዛሬ ለአንድ ዓመት ይበቃል ያሉት ብር ከርሞ ስንት ዶላር እንደሚሆን ማን ይነግርዎታል?

ስለዚህ ለሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ አንድ አጭር ኢሜይል ትጻፍለት፦ አሲስታንትሺፕ ሊገኝልኝ ይችላል ወይ? አዎን ካሉ በጽሑፍ ይስጧት። «ከመጣሽ በኋላ ይታያል» ካሉ ግን ትተወው። የዩኒቨርሲቲ ስም የቤት ኪራይ አይከፍልም። «ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ» የሚል ደላላም ቢመጣ በሩን ይዝጉበት፤ ለማመልከት ለራሱ ለዩኒቨርሲቲው ከሚከፈለው ክፍያ ሌላ ለመግቢያ ተብሎ ለደላላ የሚሰጥ ገንዘብ የለም።

አሁን ወደ ደህናው ደብዳቤ ልመለስ፤ እሱም ቢሆን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ትልቁ ወጥመድ «የ9 ወር» የሚለው ነው። አበሉ 24,000 ዶላር ነው ሲሉ በትምህርት ወራት ብቻ የሚከፈል ከሆነ በወር 2,666 ይመጣል፤ ደስ ይላል። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ምንም የለም፤ ኪራዩ ደግሞ አይቆምም። ያው ገንዘብ ለ12 ወር ሲካፈል 2,000 ብቻ ነው። ከዚህም ግብር ይነሳል። ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላቸውና የውጭ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ አምስት የቀን መቁጠሪያ ዓመታት ሌላው ሠራተኛ የሚያገኘውን መደበኛ የግብር ቅናሽ ስለማያገኝ፣ ግብሩ ከመጀመሪያው ዶላር ይጀምራል። በ24,000 ላይ የፌዴራሉ ብቻ ወደ 2,600 ይደርሳል። የክፍለ ግዛቱ ሌላ ነው፤ እንደ ቴክሳስና ፍሎሪዳ ያሉት ከደመወዝ ግብር አይወስዱም። እንግዲህ በእጅ የሚገባው በወር ከ1,800 ዶላር በታች ነው። ይህ በትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ክፍል ተጋርቶ ለሚኖር ሰው ይበቃል፤ በቦስተን ወይም በሳን ፍራንሲስኮ ግን አይበቃም። ከአበሉ ትልቅነት ይልቅ ከተማው ውስጥ አንድ ክፍል ስንት እንደሚከራይ ትጠይቅ።

ሌላም መጠየቅ ያለባት ነገር አለ። የትምህርቱ ክፍያ ቢቀርም በየሴሚስተሩ «ፊ» እያሉ የሚያስከፍሉት አለ፤ ጥቂት መቶ ዶላር የሚሆንበት ቦታ አለ፣ ከአንድ ሺህ የሚያልፍበትም አለ። እሱን ማን ይከፍላል? የጤና መድኅኑንስ? ድጋፉ ለስንት ዓመት በጽሑፍ ተረጋግጧል? የአማካሪዋ የምርምር ገንዘብ ቢያልቅ ትምህርት ክፍሉ በማስተማር ሥራ ይይዛታል ወይ? ይህ የመጨረሻው ለይስሙላ የሚጠየቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ብዙ የፌዴራል የምርምር ድጋፎች ተቋርጠው ብዙ ቤተ ሙከራዎች ተቸግረዋል። እነዚህን መጠየቅ ነውር እንዳይመስላት ይንገሯት፤ የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ በየዓመቱ የምትመልሳቸው ናቸው። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የተስማሙበት ደንብ ስላለ ድጋፍ ያለበትን ግብዣ ከኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7፣ በፊት እንድትወስን አትገደድም። ጊዜ አላት።

እውነተኛው የገንዘብ ችግር ያለው ከጉዞው በፊትና በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው። ሴቪስ ለሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መዝገብ ክፍያ 350 ዶላር፣ የቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር። ሴቪሱን ማንም ሰው በካርድ ሊከፍልላት ይችላል፤ እኔ እከፍለዋለሁ፤ ደረሰኙን አትማ ለቃለ መጠይቁ ትያዘው። ለገንዘብ ማስረጃ የሚሆናት ያው የአሲስታንትሺፕ ደብዳቤና በእሱ ላይ ተመሥርቶ የሚላክላት አይ-20 የሚባለው ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልግ የዩኒቨርሲቲው ቅጽ ነው፤ የእርስዎን የባንክ ደብተር ለማሳየት መበደር አያስፈልግም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ስትደርስ የመጀመሪያው አበል በብዙ ቦታ የሚገባው መስከረም ማለቂያ ላይ ነው። እስከዚያ የሚያስፈልገውን በመካከለኛ ከተማ እንዲህ አስቤዋለሁ፦ ክፍል በጋራ 700 ዶላር ቢሆን የሁለት ወር ኪራይ 1,400፣ ለባለቤቱ መያዣ 700፣ ምግብና ትራንስፖርት 600፣ የዩኒቨርሲቲው ፊ የመጀመሪያ ክፍያ 500፣ ለፍራሽ፣ ለድስትና ለብርድ ልብስ 300። ድምሩ 3,500። ይህን እኔ እይዝላታለሁ፤ በዕዳ ሳይሆን በስጦታ። ቁጥሩን የሚቀንስ መንገድም አለ። የዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ መኖሪያ ቤት ብዙ ጊዜ ትልቅ መያዣ አይጠይቅም፤ የግል አከራይ ግን አዲስ ለገባና የብድር ታሪክ ለሌለው ሰው ዋስ አምጣ ይላል። ስለዚህ መኖሪያውን ግብዣውን በተቀበለችበት ሳምንት ትመዝገብ፤ ቶሎ ያልቃል። ፊውንም ከደመወዝ እየተቆረጠ እንዲከፈል ትጠይቅ፤ የሚፈቅዱ አሉ። ለደመወዝና ለግብር መለያ የሚሆናትን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከደረሰች ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ታመልክት፤ ቀድማ ብትሄድ የመግቢያ መዝገቧ በሥርዓቱ ላይ ላይታይ ይችላል፣ ሲዘገይ ደግሞ ደመወዙም ይጓተታል።

እዚያ እያላችሁ በብር የሚያልቁትን አሁን ጨርሱላት። ጥርሷን ትታይ፣ መነጽሯን ሁለት አድርጋ ታሠራ፤ የተማሪ የጤና መድኅን አብዛኛውን ጊዜ ጥርስና መነጽር አይሸፍንም። የኩፍኝ ክትባት ሁለት ጊዜ መውሰዷን የሚያሳይ ወረቀት በእንግሊዝኛ ታስጽፍ፤ ያለዚያ ምዝገባዋን ይይዙባታል። ለሳንባ ነቀርሳ ሲመረምሯት በቆዳ ሳይሆን በደም እንዲሆን ትጠይቅ፤ በልጅነቷ የነቀርሳ መከላከያውን የቢሲጂ ክትባት ስለወሰደች የቆዳው ምርመራ ሳይኖርባት አለብሽ ሊላት ይችላል፣ ከዚያ ራጅ ተነሺ፣ መድኃኒት ጀምሪ ይመጣል። የወጪ መጋራቱን ጨርሳ ዲግሪዋንና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቷን በእጇ ታድርግ፤ ይህ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ነገ ዛሬ አይባልም።

አንድ ነገር ደግሞ ደፍሬ ልበልዎት። በመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ እንድትልክ እንዳትጠብቁ፤ ዘመድም ቢጠይቅ እርስዎ ይመልሱልኝ። በወር 1,800 የማይሞላ ገንዘብ ይዛ እምቢ ማለት ስለማይሆንላት ከምግቧ ቀንሳ ትልካለች፤ አበል የማይከፈልበት የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ እረፍት ሲመጣ የምትከፍለው ኪራይ ታጣለች። ለእርስዎና ለእማዬ መድኃኒት የምልከው እንደ ወትሮው ይቀጥላል። ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ ከአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ በሚላክ ሐዋላ ላይ 1 በመቶ ግብር ስለተጣለ፣ እኔ ከባንክ ሂሳቤ ነው የምልከው፤ ይህን ግብሩ አይነካውም፣ የሚደርስዎትም አይቀንስም።

ቪዛዋ ለአንድ መግቢያ ብቻ የተሰጠ ከሆነ ደግሞ ለዓመት በዓል ብላ መጥታ መመለስ እንደገና ቪዛ መጠየቅ ማለት ነው። በየዓመቱ ትመጣለች ብላችሁ አትጠብቁ፤ ለእማዬም ቀስ ብለው ይንገሯት።

የሁለቱን ደብዳቤዎች ፎቶ ሁሉንም ገጽ አንስታ በዚህ ሳምንት ትላክልኝ። ባንኩ የሰጥዎትን ቅጽ ሳይፈርሙ ይመልሱት።

አክባሪ ልጅዎ