ቦሎቄው ባይበቅልም አትቀይሩት

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የ3ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን የዕፅዋትን የሕይወት ዑደት ይማራሉ። ከሰሌዳ እየገለበጡ ሳይሆን እያዩ ነው የሚማሩት። እያንዳንዱ ልጅ ክፍል ውስጥ አንድ ቦሎቄ ያበቅላል። አንድ ሌላ ደግሞ ወደ ቤት ይዞ ይመጣል። ይህን ደብዳቤ የጻፍንላችሁ ስለ ቤቱ ቦሎቄ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቦሎቄው ውሃ ውስጥ ያድራል። በማግስቱ በብርጭቆው ግድግዳና በእርጥብ ሶፍት መሀል ይቀመጣል፤ አፈር ውስጥ ተደብቆ የሚካሄደው ሁሉ እንዲህ ከውጭ ይታያል። ሶፍቱ ይርጠብ እንጂ ውሃ አይቋጥር። ዘርም ይተነፍሳል፤ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ ከሰነበተ አየር አጥሮት ይበሰብሳል።

መጀመሪያ የሚወጣው ሥር ነው። ቅጠል ይቀድማል ብለው የሚገምቱ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ተዉአቸው፣ ይገምቱ። ሥሩ ትንሽ ሲረዝም ብርጭቆውን በጎኑ አጋድሙት። ጫፉ ታጥፎ እንደገና ወደ ታች ያቀናል። ቀጥሎ ግንዱ ጎብጦ ይወጣና ሁለቱን የቦሎቄ ክፋዮች ተሸክሞ ቀና ይላል። ክፋዮቹ የቡቃያው ስንቅ ናቸው። ቅጠሎቹ ከብርሃን ምግብ ማዘጋጀት ሲጀምሩ ክፋዮቹ ይጨማደዱና ይረግፋሉ። ያኔ «ታመመብኝ!» ብሎ የሚደነግጥ ልጅ አይጠፋም። «ለምን ይመስልሃል?» በሉት፤ መልሱን ግን አትንገሩት።

አንዳንዱ ቦሎቄ ጭራሽ አይበቅልም። ልጄ እንዳያዝን ብሎ ማታ ሹልክ ብሎ የበቀለ ቦሎቄ የሚተካ ወላጅ ይኖራል። ሐሳቡ ይገባናል፤ ግን እባካችሁ አታድርጉት። የሻገተ ቦሎቄ ይዞ የመጣ ልጅ ብዙ የሚያወራው አለው። ውሃ በዝቶበት ይሆን? ቦታው ቀዝቅዞ ይሆን? የራሱን ከጓደኛው ጋር ያስተያያል፣ እንደገና ይሞክራል። የተተካበት ልጅ ግን ያላየውን ነገር አየሁ ብሎ ይጽፋል።

ልጁ ያየውን የሚመዘግብበት ሥዕልም የራሱ ይሁን። ማርክ የሚሰጠው ለቡቃያው ርዝመት ወይም ለሥዕሉ ውበት አይደለም። መምህራን የሚያዩት ያየውን ከነቀኑ መዝግቦ እንደሆነ ነው። «ዛሬ ምንም ለውጥ የለም» ማለትም አንድ መዝገብ ነው።

ሌላ ሙከራ ለሚፈልግ፣ አንዱን ቦሎቄ ቁም ሣጥን ውስጥ ያብቅል። ለመብቀል ብርሃን ስለማያስፈልገው ይወጣል፤ ግን ቀጭን፣ ረጅምና የገረጣ ይሆናል። ይህ ግዴታ አይደለም።

ቅጠል ካወጣ በኋላ ወደ አፈር ይዛወራል። አበባ ለማየት ከወር በላይ፣ የደረቀ ፍሬ ለመልቀም ደግሞ ሦስት ወር ገደማ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ሶፍቱ ላይ በቀለ ብላችሁ አትጣሉት። ዑደቱ የሚዘጋው አዲስ ዘር ሲገኝ ነው።

ጥሬ ቦሎቄ ሆድ ስለሚያውክ ትንንሽ ልጆች አፋቸው እንዳይከቱት ጠብቁልን። ለእርሻ የሚሸጥ ዘርም መድኃኒት የተቀባ ሊሆን ስለሚችል እኛ የላክነውን ብቻ ተጠቀሙ።

እስከ ዓርብ ድረስ አንድ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ብርጭቆ፣ ስም ተጽፎበት፣ በልጁ እጅ ላኩልን።

ከሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር