ስድስተኛው ጥያቄ

የኔ እናት፣ እንደምን ከረምሽ?

የላክሽልኝን ውጤት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የተረጎምሽው የመጠጥ መጠይቅ አልፋ፣ ማለትም ጥያቄዎቹ ምን ያህል እርስ በርስ እንደሚስማሙ የሚለካው ቁጥር፣ 0.91 መጣ ብለሽ በደስታ ነው የጻፍሽው። እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ሥራው ገና ነው። ለምን እንደምል ልንገርሽ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሰውዬ ስለ መጠጥ ሊያማክሩኝ መጡ። ኦዲት (AUDIT) በሚባለው የመጠጥ መጠይቅ ጠየቅኳቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ 10 ጥያቄ ያለው፣ ከ40 የሚታረመው። 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው አጠጣጡ ያሰጋል ይባላል። ሰውዬው 6 አመጡ። «ደህና ነዎት» ብዬ ሸኘኋቸው። በሳምንቱ ባልደረባዬ ጠየቀቻቸው፤ 9 አመጡ።

ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግተን አየን። ዘጠኙ መልስ አንድ ነው። የተለያየው 6ኛው ላይ ነው፤ ብዙ ጠጥተው ባደሩ ማግስት፣ ጠዋት ለመነሳት መጠጥ ያስፈልግዎት ነበር ወይ የሚለው። ባልደረባዬ እንደተጻፈው አነበበችላቸው። «በየሳምንቱ» አሏት፤ 3 ነጥብ። እኔ ግን በዕድሜ ስለሚበልጡኝ አፍሬ፣ «ጠዋትስ አይጠጡም አይደል?» ነበር ያልኳቸው። ምን ይበሉኝ? «ኧረ በጭራሽ!» አሉ። ያቺ አንድ ሳምንት እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

አልፋ ይህን አያሳይሽም። የሚነግርሽ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ነው። እንዲያውም በጣም ከፍ ካለ፣ አንዱን ነገር በተለያየ ቃል ደጋግመሽ እየጠየቅሽ ይሆናል። ስለዚህ ያንኑ ሰው በሁለት ጠያቂ አስጠይቂው። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላም መልሰሽ ጠይቂው። ቶሎ ከሄድሽ የበፊት መልሱን አስታውሶ ይደግምልሻል። ከቆየሽ ደግሞ ሰውዬው ራሱ ተለውጦ ይጠብቅሻል፤ በተለይ ሕክምና ከጀመረ። የሰከረን ወይም መጠጥ አቋርጦ የሚንቀጠቀጥን ሰው ደግሞ ያን ቀን ተዪው።

ስምምነቱን በመቶኛ ብቻ እንዳትጽፊው። ከ100 ሰው 90ው «በጭራሽ» በሚልበት ጥያቄ ላይ ሁለት ጠያቂዎች በአጋጣሚም ይስማማሉ። ካፓ የሚባለውን የስምምነት መለኪያ አስሊ፤ አጋጣሚውን ይቀንስልሻል።

የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሥራዬን አጣለሁ ብሎ የፈራ ሰው ዛሬም «በጭራሽ» ይላል፣ በሁለት ሳምንቱም «በጭራሽ» ይላል። ቁጥርሽ ያምራል፤ እውነቱ ግን ቀርቷል። መልሱ አለቃው ጋ እንደማይደርስ አስቀድመሽ ንገሪው። ቃልሽንም ጠብቂ፤ ስሙን ከወረቀቱ ላይ አውጪው።

አሁን የ6ኛውን ጥያቄ ትርጉምሽን ላኪልኝ። ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። የሚያሳፍረኝ ቃል ካለ ምልክት አደርግበታለሁ።

እናትሽ